አደይ በኅዳር

በኅዳር አጋማሽ ከደሴ በላይ ያለው ጦሳ ተራራ ላይ የወጣ ሰው አደይ አበባን አይለያትም። መስከረም ላይ ዳገቱን ቢጫ ያለበሰችው እሷ ናት ብትሉት አያምንም። ግንዷ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። ቅጠሏ ተጨማዶ ተንጠልጥሏል። አበባው በነበረበት ቦታ የጠቆረና የተንጨባረረ ነገር ብቻ ቀርቷል። መንገደኛው በአጠገቧ ሲያልፍ ዞር ብሎ አያያትም።

እኔ የምፈልጋት ግን ያን ጊዜ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ፣ ፖስታ በቦርሳዬ ሞልቼ ወደ ዳገቱ እወጣለሁ። ሱቄ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ስለሆነ ፖስታ አይቸግረኝም። እርሳስ፣ ትንሽ መቀስና ውሃ እይዛለሁ። ከዚያ ማንም ከማይፈልጋት አደይ ላይ ዘር እለቅማለሁ።

ነገሩ የጀመረኝ በ2010 የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ሰኞ ገበያ በሚባለው የደሴ ገበያ አደይ ከእንግጫ ጋር አስረው ከሚሸጡት ልጆች አንድ እስር ገዛሁ። እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ «ከየት ቆርጣችሁ ነው?» አልኳት አንዷን። «ከኩታበር ማዶ ነው እትዬ፤ እዚህማ የለም» አለችኝ።

እዚህማ የለም። ቤት እስክደርስ ድረስ ቃሏ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ልጅ እያለን አደይ የሚገዛ ሰው አላውቅም ነበር። ጠዋት ተነስተን ከቤታችን ጀርባ ያለውን ዳገት እንወጣለን። ጤዛው ቀሚሳችንን እስከ ጉልበት ያርሰዋል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት እጃችን የማይችለውን አበባ ታቅፈን እንመለሳለን። የሙስሊሙ ጎረቤታችን ልጆችም አብረውን ነበሩ። ያኔ አበባው የሁላችን ነበር፤ ዛሬም የሁላችን ነው። ዳገቱ አሁንም አለ። ግን ግማሹ ቆርቆሮ ቤት ነው፣ ግማሹ ባሕር ዛፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። አደይ አበባ ከኢትዮጵያ ምድር ልትጠፋ ነው እያልኩ አይደለም። ወደ ኩታበር፣ ወደ ወረኢሉ፣ ወደ ጎጃምና ወደ ሸዋ ብትሄዱ መስከረም ላይ አሁንም ሜዳ ሙሉ ታገኟታላችሁ። እየጠፋች ያለችው ከኛ ሰፈር ነው። ለኔ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። አበባ ከአገር ከመጥፋቱ በፊት ከሰፈር ይጠፋል። ከአንድ ዳገት፣ ከአንድ የእርሻ ዳር፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ይጠፋል። ደግሞ የደሴ ዳገት አደይ ይህን አፈርና ይህን ብርድ ለምዳ የኖረች ናት። እሷን ካጣን በኋላ ከሌላ አገር ዘር ብናመጣ ያው አይሆንም።

ስሟም ራሱ ቀላል አይደለም። አደይ የምንለው አንድ ተክል ብቻ አይደለም። ሳይንሱ ቢደንስ ከሚለው ወገን ውስጥ የሚቀራረቡ ብዙ ቢጫ አበቦች አሉ፤ ሕዝቡ ሁሉንም አደይ ይላቸዋል። የአደይ ስም በብዛት የሚሰጠው ቢደንስ ማክሮፕቴራ ለሚባለው ነው። ማክሮፕቴራ ማለት ባለ ትልቅ ክንፍ ማለት ነው። ክንፉ ያለው ዘሩ ላይ ነው። በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ያለውን ይህን ወገን አበጥሮ ያጠናው ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ነው፤ ጥናቱ በ1984 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እኔ የሱን ያህል መለየት አልችልም። ቢያንስ ግን አደይን ከኑግና ከመጭ መለየት ተምሬያለሁ። ሦስቱም በአንድ ወቅት ቢጫ ያብባሉ። ገበያ ላይ መጭ አደይ ተብሎ ሲሸጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

አደይ ዓመት አትሻገርም። በክረምቱ ዝናብ ትበቅላለች፣ መስከረም ታብባለች፣ ጥቅምትና ኅዳር ዘሯን አብስላ ትሞታለች። ከመሬት ሥር የሚተርፍ ሥር የላትም። እንደ ቀጋ ቁጥቋጦ ሆና አትከርምም። የሚቀጥለው ዓመት አደይ ማለት ዘንድሮ የረገፈው ዘር ማለት ነው። እኛ ደግሞ የምንቆርጣት አበባዋ ሲፈካ ነው። ገና ዘር ሳትቋጥር።

ይህን ሳውቅ ደነገጥኩ። መጀመሪያ የወቀስኩት አበባ ሻጮቹን ልጆች ነበር። ተሳስቻለሁ። ልጆች አበባ መቁረጥ የጀመሩት ዛሬ አይደለም፤ አደይም አብራቸው ኖራለች። የተለወጠው መሬቱ ነው። ድሮ አንዱ ዳገት ቢለቀም ሌላው ይተርፍ ነበር። አሁን የቀረው አንድ ጥግ ነው፤ እሱ ከተለቀመ አለቀ።

ይህን ያስረዳችኝ ከገራዶ ማር እያመጣች የምትሸጥ አንዲት እናት ናት። ባሏ ንብ ያነባል። አንድ ኪሎ ማር ስገዛት ስለ አደይ አነሳሁባት፤ ቆማ ብዙ ነገረችኝ። የጥቅምቱ ማር ከአደይና ከመጭ የሚቀሰም ነው። ድሮ ቀፎው እስኪያቅተው ይሞላ ነበር። አሁን የእርሻው ድንበር ሳይቀር ይታረሳል። ያልታረሰው ላይ ደግሞ ቱፎርዲ ይረጫል። ቱፎርዲ ስንዴና ጤፍ አይነካም፤ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ነው የሚገድለው። ለገበሬው እፎይታ ነው፤ የስንት ቀን የጉልበት ሥራ ይተካለታል። አደይ ግን ሰፊ ቅጠል ካላቸው መሀል ናት። መርጫው ሊለያት አይችልም።

«አረም ናት እኮ» አለችኝ። «ባሌ ራሱ ጤፉ ውስጥ ሲያያት ይነቅላታል። ድንበሩ ላይ ሲያያት ይተዋታል። አሁን ግን ድንበሩ የታለ?»

በመጀመሪያው ዓመት ያጠፋሁት ጥፋት ብዙ ነው። ቸኩዬ በጥቅምት መጀመሪያ ወጣሁ። ቢጫው የአበባ ቅጠል ገና ያልረገፈ፣ ራሱ አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ ቆረጥኩ። በፌስታል ጠቅጥቄ ቤት አመጣሁና በሩ ጀርባ ሰቀልኩት። በሳምንቱ ስከፍተው ፊቴን የሻጋታ ሽታ መታኝ። ሁሉም ነጭ ጸጉር አብቅሎ ነበር። ማር ሻጯ ስነግራት ራሷን ይዛ፣ «ልጄዋ፣ ዘር እኮ ይተነፍሳል! ሰው በላስቲክ ታፍኖ ይኖራል?» አለችኝ። ከዚያ እስኪጠቁር ጠብቂ፣ በጣትሽ ስትነኪው በራሱ መውደቅ አለበት፣ ጥላ ላይ አድርቂው፣ በወረቀት ወይም በቅል አስቀምጪው አለችኝ። እስከ ዛሬ የምሠራው በሷ ትምህርት ነው።

የደረሰ የአደይ ራስ እንዲህ ነው። አበባው ከረገፈ በኋላ ዘሮቹ በአንድ ላይ ተጣብቀው እንደ እምቡጥ ይቆያሉ። ሲደርሱ ግን ይበተናሉ፤ ራሱ ተከፍቶ ሁሉም ወደየአቅጣጫው ይጠቁማል። አንዱን በጥፍራችሁ ብትይዙት ጠፍጣፋ ነው። መሀሉ ጠቆር ያለ ነው። በዳርና ዳሩ ስስ ክንፍ አለው፣ በብርሃን ስታዩት ያሳልፋል። ዘመዱን የሰይጣን መርፌን ታውቁታላችሁ፤ ልብስ ላይ ተሰክቶ ቤት ድረስ የሚከተለውን። ቢደንስ የሚለው ስም በላቲን ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ነው፤ የሰይጣን መርፌን ላየ ስሙ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። አደይ ግን እንደሱ ሰው ላይ አትለጠፍም። የሷ ጉዞ አጭር ነው። ዘሯ የሚረግፈው እናትየዋ ከቆመችበት ብዙም ሳይርቅ ነው። ስለዚህ ከአንድ ዳገት ከጠፋች በራሷ እግር አትመለስም።

የዓለም የዘር ባንኮች ለሰብሳቢዎቻቸው የሚሰጡት መመሪያ አለ። በዕለቱ ከደረሰው ዘር ከ20 በመቶ በላይ አትውሰድ ይላል። ቢቻል ደግሞ ከ50 ከማያንሱ ተክሎች ልቀም። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከአንድ ከለመለመ ተክል ብቻ ብትለቅም የአንድ እናት ልጆች ይዘህ ትቀራለህ። ከቀጫጫዋም፣ ድንጋይ ሥር ካለችውም፣ ዘግይታ ካበበችውም መውሰድ አለብህ። የትኛዋ ለሚመጣው ድርቅ እንደምትጠቅም ማን ያውቃል? እኔ ከአምስት ራስ አንዱን እቆርጣለሁ። አራቱን እዚያው እተዋለሁ። እጄ እየሳሳ ነው የምተወው፤ ግን እተዋለሁ።

ቤት ስመጣ ዘሩን ጋዜጣ ላይ ዘርግቼ ለሁለት ሳምንት ጥላ ላይ አደርቀዋለሁ። ከዚያ በእጄ አሽቼ በሰፌድ አበጥረዋለሁ። ገለባው ቀላል ስለሆነ ይሄዳል፤ ክንፍ ያለው ዘርም አብሮት መሄድ ያምረዋል። ቀስ ማለት ነው። ፖስታው ላይ ቦታውን፣ ቀኑንና ከስንት ተክል እንደለቀምኩ በእርሳስ እጽፋለሁ። በእርሳስ የምጽፈው እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ስለሚፈስ ነው።

ለወሎ ሰው ስለ ዘር ማውራት ቀላል አይደለም። የሰባ ሰባትን ረሃብ ያየ ቤተሰብ የዘር እህል መብላት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አያቴ ስለዚያ ዘመን ስታወራ፣ «የዘሩን ጎተራ የከፈትን ቀን አለቀስን» ትል ነበር። የተራቡበትን ቀን ሳይሆን የዘሩን ጎተራ የከፈቱበትን ቀን። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ያለውን የዘር ባንክ ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ነበሩ። ባንኩ የተቋቋመው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው ከሱ የመጣ ነው። ዶክተር መላኩ የገበሬውን ነባር ዘር አሰባስበው፣ ድርቅ ሲመጣ መልሶ ለገበሬው የሚለቀቅ ክምችት እንዲኖር ለፉ። በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። ዘሩ ባንክ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ገበሬው ማሳ ላይም መኖር አለበት የሚል እምነት ነበራቸው፤ በወሎና በሸዋ ከገበሬዎች ጋር ሠርተዋል።

የሳቸው ሥራ ጤፍና ማሽላ፣ ስንዴና ገብስ ነበር። አደይ አትበላም። ግን ዘሯ በባንክ ብቻ እንዳይቀር፣ መሬት ላይም እንዲኖር የሚለው ሐሳብ ለሷም ይሠራል። የዘር ባንክ ዘርን በ15 ዲግሪ ሙቀትና በ15 በመቶ የአየር እርጥበት አድርቆ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለአሥርት ዓመታት ያቆየዋል። እኔ ያለኝ ቅልና ካርቶን ነው። ስለዚህ በየዓመቱ መዝራት አለብኝ።

በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ገባ። ልጆቼን ይዤ ደብረ ብርሃን ድረስ ወጣሁ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ በመኪናው መስኮት ገደሉን አየሁት። አደይ ጠቁራለች። ሊረግፍ የደረሰ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ማን ይሰማኛል በዚያ ሰዓት?

ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቤቱ ተከፍቶ ነበር። የሦስት ዓመት ዘር በካርቶን ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጬ ነበር የሄድኩት። ፖስታዎቹ አንድ በአንድ ተቀደዋል። ፖስታ ስለሆነ ገንዘብ መስሏቸው ይሆናል። ዘሩ መሬት ላይ ከመስታወት ስብርባሪ ጋር ተረግጦ ነበር። ልጆቼ ባዶ እግራቸውን እንዳይገቡ ፈርቼ ሁሉንም ጠርጌ በአካፋ ከግቢ ውጭ ደፋሁት። በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ተቀምጬ ብለቅመው ግማሹ ይተርፍ ነበር። ሰው ስንት ነገር ባጣበት ጊዜ ስለ አበባ ዘር ማልቀስ ያሳፍራል። እኔ ግን አልቅሻለሁ።

በቀጣዩ ኅዳር ከባዶ ጀመርኩ።

ስለ መዝራቱ ብዙ የሚያስቸግር ነገር የለም። በሰኔ የመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ ከጣለ በኋላ አፈሩን በእጄ እጭረዋለሁ። ዘሩን ከአሸዋ ጋር ለውሼ እበትነዋለሁ፤ ካልሆነ አንድ ቦታ ይከመራል። አፈር በስሱ አለብሰዋለሁ። ጠልቆ የተቀበረ አይወጣም፣ በመጀመሪያው ዓመት አይቼዋለሁ። ኅዳር ላይ ወዲያው የዘራሁት ውሃ እያጠጣሁትም ጥቂት ብቻ በቀለልኝ። እስከ ሰኔ የከረመው ግን ግጥም ብሎ ወጣ።

የሚያስቸግረው ሰው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በአጥሩ ጥግ እንድዘራ ፈቀደልኝ። ነሐሴ ላይ እስከ ወገቤ ደርሳ ነበር፣ እምቡጥ ይዛለች። እንቁጣጣሽ አሥር ቀን ሲቀረው ሄድኩ። ባዶ መሬት። አትክልተኛው አዛውንት ግቢው ለበዓል እንዲጸዳ ታዘው ጥርግ አድርገው አጭደውታል።

«አባባ፣ አደይ እኮ ነበረች» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «አላበበችማ ልጄ፣ በምን ልወቃት?»

ምን እላቸዋለሁ። እውነታቸውን ነው። እኔም ኅዳር ላይ ማየት እስክማር ድረስ አላውቃትም ነበር። አሁን በምዘራበት ቦታ ሁሉ እንጨት ተክዬ «አደይ አበባ ናት፣ አትንቀሉ» የሚል ጽሑፍ በላስቲክ ሸፍኜ አስራለሁ። እሳቸውም በቀጣዩ ዓመት ራሳቸው ጥግ ለቀውልኝ፣ ፍየል እንዳይገባ በእሾህ አጠሩልኝ። በኋላ ዘሯን አብረን ለቀምን።

ኮምቦልቻ ላይ ግን አልተሳካልኝም። እህቴ እዚያ ነው የምትኖረው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን 2,500 ሜትር ከፍታ ከሚጠጋው ከተማ ተነስታችሁ 1,850 አካባቢ ትደርሳላችሁ። አየሩም አፈሩም ሌላ ነው። ከጦሳ የለቀምኩትን ዘር ወስጄ ግቢዋ ጀርባ ዘራሁ። በቀለ፤ ግን ቀጭን ሆነ፣ ቶሎ ደረቀ። ይባስ ብሎ ቅንጬ አረም ዋጠው። ኮምቦልቻን የምታውቁ ቅንጬን ታውቁታላችሁ። በየመንገዱ ዳር፣ በቦርከና ዳርቻ፣ ባዶ ቦታ ባለበት ሁሉ ነጭ አበባውን ይዞ ቆሟል። አገሩ አሜሪካ አህጉር ነው፤ እኛ ዘንድ ከእርዳታ እህል ጋር እንደመጣ በሰፊው ይነገራል። አንዱ ተክል ብቻውን ከ10,000 በላይ ዘር ይሰጣል። የነካውን ሰው ቆዳ ያሳክካል፣ የበላችውን ላም ወተት ያመራል። አደይ በዓመት አንዴ ስትበቅል እሱ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ይበቅላል። ከኮምቦልቻ ከተመለስኩ ጫማዬን ሳላራግፍ ወደ ዳገቴ አልወጣም። ለኮምቦልቻ የሚሆነው ዘር ከዚያው ከየጎፍ ተራራ ግርጌ የሚለቀም ይመስለኛል፤ ዘንድሮ እሱን ፍለጋ ነኝ።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ሰኞ ገበያ ሄጄ አበባ ሻጮቹን ልጆች አነጋገርኳቸው። «ስትቆርጡ ከየቦታው ጥቂት አስቀሩ፣ ለዘር» አልኳቸው። አንዷ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሳቀች። «እኛ ብንተወውም ፍየል ነው የሚበላው እትዬ» አለችኝ። እውነቷን ነው። መልስ አልነበረኝም። አንድ እስር ገዛኋት። እግረ መንገዴን ደግሞ የደረቀው ዘር ምን እንደሚመስል ከፖስታ አውጥቼ መዳፏ ላይ አደረግሁላት። «ይሄ ነው አደይ?» አለች። አላመነችኝም።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆማ አየኋት። በእጇ የተወጠረ ፌስታል ይዛለች። «ለቀምኩልዎት» አለች። «እትዬ፣ ስንት ይገዙኛል?»

ዋጋውን አላውቀውም። የአደይ ዘር ገበያ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ፌስታሉን ከፈትኩት። ግማሹ እርጥብ ነው። መጭም አለበት፣ የሰይጣን መርፌም አለበት። ታች ግን የጠቆረ፣ ክንፉ ያልተሰበረ፣ ጥሩ ጥሩ ዘር አለ። ለአንድ እስር አበባ የምከፍላትን እጥፍ ሰጠኋት። ከዚያ ሰፌዱን ከውስጥ አወጣሁና በሩ ላይ ተቀመጥን። አንዱን ጥቁር ዘር አነሳሁና ክንፉን በብርሃን አሳየኋት። እሷም አንዱን አነሳች።

«ይሄስ?»

«ይሄ መጭ ነው፤ ክንፍ የለውም። ወደዚህ አድርጊው።»